ከሳቢያን ሳሎን እስከ ጅቡቲ ባሕር፦ በአየር ስለምትነፋ ካያክ ለተጠየቀ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ነው የምኖረው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ በአየር የምትነፋ ባለሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) አመጣልኝ፣ ከነመቅዘፊያዋ ከነፓምፗ። እስካሁን የነፋኋት ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው። ደቻቱ፣ ከተማችንን የሚያቋርጠው የጎርፍ ወንዝ፣ ነሐሴ ላይ ሲመጣ ልሞክራት? ወይስ ሐረማያ ሐይቅ ይሻላል? አዋሽስ? ለገና ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በባቡር ጅቡቲ ልንወርድ ነው፤ በዚህች ባሕር ላይ መውጣት ይቻላል? አንዱ ጓደኛዬ ዋና አይችልም፣ ከፊት ባስቀምጠውስ?»

አቦ፣ ሳሎን ውስጥ ነፋኋት ያልከው በጣም ነው ያሳቀኝ። እኔም የመጀመሪያዬን የነፋሁት የእናቴ ሳሎን ውስጥ ነበር፣ በሩ ጠቦኝ መልሼ አስተነፈስኳት። ድሬ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ጅቡቲ የቱሪስት ጀልባ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ቀዘፋ አስተምራለሁ። ስለዚህ የጠየቅካቸውን ቦታዎች ሁሉ በእግሬም በመቅዘፊያም አውቃቸዋለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ከዚያ ምክንያቱን። ደቻቱ በፍጹም። አዋሽ በዚህች ካያክ አይሆንም። ሐረማያ አዎ፣ ግን ጠዋት ብቻ። ጅቡቲ ደግሞ አንድ ፈተና ካለፍክ በኋላ። ፈተናውን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ፤ መቅዘፍ መቻል ግን አይደለም።

ከደቻቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱን ስትጽፍ እየቀለድክ ይሁን የምርህን አልገባኝም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃ ሲመጣ ግን አይሞላም፣ ይመጣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚሞላ ውሃ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ አይተኸው ትወጣለህ። ደቻቱ የሚመጣው ከላይ ከደንገጎና ከዙሪያው ተራሮች ነው። አንተ ከዚራ ላይ ጠብታ ሳታይ፣ ሰማዩም ጠርቶ፣ ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ ገደላማ መሬት ተንደርድሮ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከፊቱ ድንጋይ፣ ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ የሞተ ከብት ይዞ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። በቤታቸው የተኙ ሰዎች ናቸው እንግዲህ፣ ካያክ ላይ የነበሩ አይደሉም። ቤትህ ውስጥ ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ትልቅ ሰው አይጠፋም፣ «ደቻቱ ላይ ልቅዘፍ» ብለህ ንገራቸውና ፊታቸውን እይ።

ሙያዊ ምክንያቱን ከፈለግክ ደግሞ እነሆ። ካያክ የሚንሳፈፈው ውሃ ላይ ነው፤ ደራሽ ጎርፍ ግን ግማሹ ጭቃና ድንጋይ ነው። መቅዘፊያህ የሚይዘው ነገር የለውም። መቆሚያ ዳርም የለም፣ ዳርና ዳሩ ግንብ ነው። ድልድይ ሥር የተወሸቀ ግንድ ካለ ውሃው በመሐሉ ያልፋል፣ አንተ አታልፍም። ወንዝ ላይ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳን የሚሞቱት እንደዚህ ያለ ወንፊት ላይ ተለጥፈው ነው። በቃ፣ ይህን ጉዳይ ዘጋሁት።

አሁን ወደሚያስደስተው እንሂድ። ሐረማያ።

ዕድሜህ ሃያዎቹ ውስጥ ከሆነ ሐይቁ ደርቆ ያየኸው ትዝ ይልህ ይሆናል። እኛ ልጆች ሆነን ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ መስኮቱ ይጠጋ ነበር፣ ውሃ ለማየት። የሐረር ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነበር። ከዚያ በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ጭራሽ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ ተሳበ፣ ለከተማ ተሳበ፣ ከዙሪያው ኮረብታ ደለል ገባበት፣ አለቀ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመለሰ። ይህን ታሪክ የምነግርህ ለትዝታ ብቻ አይደለም፣ ለቀዛፊ ሥራ ላይ የሚውል መረጃ አለበት። ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ገበሬው መሐሉ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር ውሃ የሚስበው። አሁን ያ ሁሉ መሬት ውሃ ሥር ነው። ስለዚህ «ጥልቅ አይደለም፣ ወርጄ ልግፋት» ብለህ ከካያክ አትውረድ። ጉልበትህ ድረስ የነበረው ውሃ በአንድ ርምጃ ከአናትህ በላይ ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ ባይኖር እንኳን ጭቃው እግርህን ይይዛል፤ ጫማህን ትተህለት ነው የምትወጣው።

የምትገባበትን ቦታ ምረጥ። ከዳር ያለው ማሳ የሰው ነው። ቆመህ ሰላምታ ስጥ፣ በኦሮምኛ ብታናግራቸው ደግሞ ግማሹ ጉዳይ አለቀ። «እዚህ ጋ ብገባ ይሻላል ወይስ እዚያ?» ብለህ ጠይቅ። ገበሬው ሐይቁን ደርቆም ሞልቶም ያውቀዋል፣ የትኛው ጋ ጉድጓድ እንደነበር ጭምር። እኔ ሙያተኛ ነኝ ብዬ ሳልጠይቅ አልገባም። የመስኖ ፓምፕ ሲሠራ ካየህ ከመሳቢያው ቱቦ ራቅ። ዓሣ የሚያጠምድ ካለ ደግሞ መረቡ የት እንደሆነ ጠይቀህ ዞረህ ሂድ።

ሰዓቱ ዋናው ነገር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ ውሃው መስታወት ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይበረታል። በአየር የምትነፋ ካያክ ከውሃው በላይ ቁመቷ ትልቅ ነው፣ ክብደቷ ደግሞ ትንሽ። ስለዚህ ነፋስ ሲያገኛት እንደ ፌስታል ነው የሚነዳት። ጠንካራ ፕላስቲክ ካያክ የያዘ ሰው ቀዝፎ የሚመለስበት ነፋስ አንተን ይዞህ ይሄዳል። ካያኳ ከሥሯ የምትሰካ ትንሽ ክንፍ ይኖራታል፣ የዓሣ ክንፍ የምትመስል ፕላስቲክ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ስለማያውቅ ሳጥኑ ውስጥ ይተዋታል። ስካት። ያለሷ ካያኳ እንደ ድስት ክዳን ትሽከረከራለች፣ ቀጥ ብለህ መሄድ አትችልም፣ ከዚያ «ካያኩ የማይረባ ነው» ትላለህ።

ሌላው የነፋስ ነገር፣ ስትወጣ ሁልጊዜ ነፋሱን በፊትህ አድርገህ ሂድ። ጉልበትህ ባለበት ሰዓት ከነፋስ ጋር ትታገላለህ፣ ሲደክምህ ነፋሱ ራሱ ወደ መነሻህ ይመልስሃል። ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ነፋስ ከኋላው ሲገፋው «ዋው፣ ጎበዝ ነኝ» ይልና ሐይቁን ይሻገራል፣ ሲመለስ ያለቅሳል። ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ላንጋኖ ላይ ምሳ በልቼ ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። አንድ የአገር ጎብኚዎች ቡድን ስለነበረ ትንሽ ማሳየትም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽህም። ሃያ ደቂቃ ነፋሱ ገፋኝ፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ቀዝፌ ዳሩ ጭራሽ አልቀረበኝም። በመጨረሻ ለነፋሱ እጄን ሰጥቼ ማዶ ወጣሁ፣ ካያኬን ተሸክሜ በእሾህ መሐል በባዶ እግሬ ሄድኩ። ጎብኚዎቹ ራታቸውን በልተው ጨርሰው ነበር ስደርስ።

አየር አሞላሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬ ያለ ሰው ላይ ልዩ ጣጣ አለው። እንዲህ ያለች ካያክ የግራና የቀኝ ጎን ቱቦዋ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚፈልገው። የባጃጅ ጎማ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ «ፓምፑ ያደክማል፣ ጎሚስታ ጋ ላስነፋት» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ አባርረው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር በሰከንዶች ውስጥ ስፌቷን ይቀደዋል። ጎሚስታው የሚጠቅምህ ሌላ ቦታ ነው፣ ስትበሳ። እሱም ቢሆን የጎማ ሙጫ ሳይሆን ለፒቪሲ፣ ማለትም ካያኳ ለተሠራችበት ፕላስቲክ፣ የሚሆን ሙጫ ነው የሚያስፈልግህ፣ ከካያኳ ጋር የመጣች ትንሽ ቲዩብ አለች፣ እንዳትጥላት። እሾህ የሌለበት ዳር ይህ አገር ውስጥ አላየሁም። ሁልጊዜ ሸራ አንጥፈህ እሱ ላይ ንፋ።

ልዩ ጣጣው ይኸውልህ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። ወደ ላይ ስትወጣ የውጭው አየር ይሳሳል፤ በካያኳ ውስጥ ያለው ግን ያው ነው። ድሬ ላይ በ2.5 ነፍተህ ፒክአፕ ላይ ጭነህ ደንገጎን ብትወጣ፣ ሐረማያ ስትደርስ ያለማንም እጅ ከ1 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ጨምሮ ታገኘዋለህ። ቅዝቃዜው ትንሽ ያረግበዋል፣ ግን የሰፋት ሰው ይህን አስቦ አልሰፋትም። ፀሐይም እንደዚያው ነው። ድሬ ግቢህ ውስጥ ጥላ ላይ ነፍተህ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ብትተዋት እንደ ከበሮ ትወጠራለች፣ ከዚያ ጷ! ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃው ዳር ደርሰህ ንፋ። ውሃ ላይ ስታኖራት ደግሞ ትቀዘቅዛለች፣ ትንሽ ትለሰልሳለች። አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ትንሽ ጨምርላት። ለምሳ ወደ ዳር ስታወጣት በተቃራኒው ትንሽ አስተንፍስላት። ልማድ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረግከው እጅህ ያውቀዋል።

ጤናህንም ላንሳ። ቆሞ የሚውል፣ ዳር ዳሩ ላይ ሣር ያለበት ጣፋጭ ውሃ ሲታይ ቢልሃርዚያ ማሰብ ነው። ቀንድ አውጣው ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ከሱ የሚወጣው ዕጭ በቆዳህ ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲሞቅ፣ ረፋድና ቀትር ላይ ነው። ይኸውልህ፣ ጠዋት መቅዘፍ ለነፋስም ለዚህም ይጠቅማል። ሣር ካለበት ዳር ቆመህ አትጫወት፣ ከውሃው እንደወጣህ በፎጣ ጠበቅ አድርገህ ሰውነትህን አድርቅ። አዘውትረህ የምትገባ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሰገራህን አስመርምር። ከተገኘብህ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፣ ያድናል። መፍራት አያስፈልግም፣ አለመዘናጋት ነው።

ሐረማያ ላይ ብርዱንም አትናቀው። እናንተ የድሬ ልጆች ብርድ ማለት ማራገቢያ ሲበዛ ይመስላችኋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ እዚያ እጅህ መቅዘፊያውን መያዝ ያቅተዋል። ረጥበህ ነፋስ ካገኘህ ደግሞ መንቀጥቀጥ ትጀምራለህ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው በደንብ አያስብም። ደረቅ ልብስና ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ፣ መኪናው ውስጥ።

አዋሽ። አጭር ነው። ከድሬ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ሄደህ አዋሽ ሰባት ትደርሳለህ፣ ገደሉ ሥር ቡናማ ውሃ ታያለህ፣ ልብህ ይሄዳል። የኔም ልብ ሄዶ ያውቃል። ግን አዞ አለበት፣ ጉማሬም አለበት፣ ፏፏቴ አለበት፣ ከገባህበት በኋላ ለረጅም ርቀት መውጫ የሌለው ገደልም አለበት። ጉማሬ ካያክ አይወድም፤ ትንሽ ስለሆንክ ሳይሆን በሱና በጥልቁ ውሃ መሐል ስለገባህ ነው የሚያጠቃህ። አዞ ደግሞ ለስላሳ አየር የተሞላ ነገር ላይ ጥርሱን ቢያሳርፍ ምን እንደሚሆን አንተው አስበው። ጠንካራ ራፍት (ትልቅ የወንዝ ጀልባ) ይዘው፣ በቡድን፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ትልልቅ ወንዞቻችንን የወረዱ ሰዎች አሉ። በኦሞ ላይ የውጭ ሰዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጀመሩት። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ዕቃ ነው። በነገራችን ላይ አዋሽ ባሕር ደርሶ አያውቅም፣ ጅቡቲ ጠረፍ አካባቢ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ልጅ ሆኜ በአዋሽ ቀዝፌ ጅቡቲ እገባለሁ ብዬ ካርታ ስዬ ነበር። መተሐራ ላይ ከመንገዱ ዳር የምታየው በሰቃም አይሆንህም፣ ጨዋማ ነው፣ አዞም አለበት።

ከሐረማያ ቀጥሎ ለልምምድ የምመክርህ ላንጋኖን ወይም ቢሾፍቱ ያለውን ባቦጋያን ነው። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ፣ ተጠቅልላ ሻንጣ ናት። ላንጋኖ ቡናማና ሶዳማ ነው፣ ዳሩ አሸዋ፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ማዕበል መልመጃ ነው፣ ለባሕር ያዘጋጅሃል። ባቦጋያ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ከዳሩ ጥቂት ርምጃ ላይ ጥልቁ ይጀምራል፤ ከ60 ሜትር በላይ ይደርሳል። ዋና ለማይችል ሰው ዳር ዳር መሄዱ ምንም ማለት አይደለም እዚያ።

እንግዲህ ፈተናው። ጅቡቲ ከመውረድህ በፊት አንድ ነገር እፈልግብሃለሁ። ካያኳን ጥልቅ ውሃ ላይ ሆን ብለህ ገልብጣት። እግርህ መሬት በማይነካበት ቦታ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ፣ ዳር ላይ ዋናተኛ ሰው ቆሞልህ። ከዚያ ገልብጠህ ቀጥ አድርጋት፣ መቅዘፊያህን ሳትለቅ፣ ማንም ሳይረዳህ ተመልሰህ ውጣባት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ። ቀላል ይመስልሃል። አብዛኛው ጎረምሳ ግን፣ ዱምቤል የሚያነሳውም ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን አይችለውም። ቱቦው ወፍራም ነው፣ ያዳልጣል፣ እጅህን ጭነህ ስትጎትት በላይህ ላይ ትገለበጣለች።

ዘዴው ጉልበት አይደለም። በጎኗ መሐል ላይ ሁን። ሁለት እጅህን ማዶ ያለው ቱቦ ጋ ለማድረስ ዘርጋ። እግርህን ወደ ታች አታንጠልጥል፣ ወደ ኋላ ዘርግተህ እንደ ዋናተኛ አወራጫቸው፣ ሰውነትህ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን። ከዚያ ራስህን በሆድህ አንሸራተህ አስገባ፤ አትቁም፣ አትንበርከክ፣ በሆድህ። እንደ ዓሣ ጀልባ ውስጥ እንደወደቀ። ከዚያ ዞረህ ተቀመጥ። ድሬ ውስጥ የሆቴል መዋኛ ገንዳ አለ፣ ማለዳ ሰው በሌለበት ሰዓት አስፈቅደህ ሞክረው። አንድ ሁለቱ እንደ እብድ ያዩሃል። ይዩህ። እኔ አሁን ድረስ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መቅዘፊያ ከማስያዜ በፊት ይህን ነው የማስተምረው። ከወደቀ በኋላ መመለስ የሚችል ሰው ካያኩ ላይ ሲቀመጥ ራሱ አቀማመጡ ይለያል፣ ትከሻው አይወጠርም።

ላይፍ ጃኬት ስል ልጆች ገንዳ ውስጥ የሚለብሱትን በአፍ የሚነፋ ነገር ማለቴ አይደለም። በውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ በኪሎህ ልክ የሆነ፣ በሁለት ወይም በሦስት ማንጠልጠያ የሚታሰር። ለብሰኸው ጓደኛህ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፤ ጆሮህ ድረስ ከመጣ ሰፊ ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን። ሰማያዊ ያምራል፣ ባሕር ላይ ግን አትታይም። ፊሽካ እሰርበት።

አሁን ጅቡቲ። መጀመሪያ ደስ ይበልህ፣ ለገና መሄድህ ወቅቱ ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ባሕሩ የሚቻል ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው። ሐምሌ ላይ ብትለኝ ኖሮ እምቢ እልህ ነበር። በበጋቸው ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከምድረ በዳው ተነስቶ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ለካያክ የመጨረሻው ጠላት ነው። ዳር ላይ ቆመህ ስታየው ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ማዕበሉ የሚጀምረው ራቅ ብሎ ስለሆነ። ገብተህ መቶ ሜትር ስትሄድ ነው የሚገባህ፣ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለም።

በገና ወቅት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ነው። ጠዋት ቀላል ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፉ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነፋሱና ሞገዱ ወደ ውስጥ ነው የሚገፉህ። ይህ ከኻምሲን ይሻላል፣ ግን ወደ ምዕራብ ጫፍ ጉቤት አለ። ጉቤት በጠባብ በር ከሰላጤው ጋር የተገናኘ ጥልቅ ውሃ ነው። ባሕሩ ከፍና ዝቅ ሲል ያ ሁሉ ውሃ በዚያ ጠባብ በር ነው የሚገባውና የሚወጣው፣ እንደ ወንዝ። ሞተር ጀልባ ይዘን እንኳን ሰዓቱን አይተን ነበር የምናልፈው። ወደዚያ በር አትጠጋ።

ከፍና ዝቅ የሚለው ነገር ሐይቅ ላይ ለለመደ ሰው አዲስ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። አንዳንድ ቀን ልዩነቱ ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል። ጠዋት ካያክህን ያስቀመጥክበት አሸዋ ቀትር ላይ ባሕር ውስጥ ነው፣ ካያክህም የለችም። በተቃራኒው ስትወጣ ውሃ የነበረው ቦታ ስትመለስ ኮራል ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ኮራል ደግሞ ምላጭ ነው፣ ለሷም ለእግርህም። የውሃ ጫማ ወይም አሮጌ ሸራ ጫማ አድርግ። ሰዓቱን ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቃቸው፣ በቃላቸው ያውቁታል።

የት ልግባ ካልከኝ፣ ብቻህን ከሆንክ ከዳር ከመቶ ሜትር አትራቅ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ቅዘፍ። አርታ የባሕር ዳርቻ ለዚህ ጥሩ ነው። እዚያ በዚያ ወቅት ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ሻርክ ይሁን እንጂ ከውሃው የሚያጣራው ደቃቅ ፍጥረት ነው የሚበላው፣ ሰው አይነካም። ግን ከካያክህ ይረዝማል። ከላዩ አትቅዘፍበት፣ መንገዱን አትዝጋ፣ አትንካው። ቆመህ ጠብቅ፣ እሱ ራሱ በሥርህ ያልፋል። እኔ ስንት ዓመት አይቼው አሁንም ሲያልፍ ጀርባዬን ውርር ያደርገኛል። ወደ ሙሻ ደሴት ልቅዘፍ ብለህ ግን እንዳታስብ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ባሕር ነው፣ መርከብም ይመላለስበታል። ሙሻ መሄድ ከፈለግክ ካያክህን ጠቅልለህ በሞተር ጀልባ ሂድ፣ እዚያ ደርሰህ ዳር ዳሩን ቅዘፍ። እሱ ነው ደስ የሚለው።

ከወደቡና ከወታደር ሠፈሮቹ ራቅ። የአምስት ስድስት አገር ጦር ያለበት ከተማ ነው፤ እዚያ አካባቢ በካያክ ስትዞር ፎቶ ብታነሳ የሚጠብቅህ ቀዘፋ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ዶክመንትህን አስቀድመህ ጨርስ። ስትመለስ ደግሞ ካያኳ ካንተ ጋር መውጣቷን የሚያሳይ ነገር፣ ቢያንስ የአጎትህን ደረሰኝና ፎቶ፣ ያዝ። ድሬ አዲስ ዕቃ ከጅቡቲ ይዞ ለሚገባ ሰው ኬላ ላይ ምን ዓይነት ዓይን እንዳለ ለአንተ አልነግርህም።

የጨው ውሃ ካያክ ያበላሻል። በዚያው ቀን በጣፋጭ ውሃ እጠባት፣ በተለይ ቫልቮቹን። ጨው ቫልቭ ውስጥ ደርቆ ከቀረ አየር አትይዝም። ሳትደርቅ አትጠቅልላት፣ ትሻግታለች። ለመጠጥ ደግሞ በአንድ ሰው ለግማሽ ቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር፣ ካያኳ ላይ ታስሮ። ልቅ ከሆነ ስትገለበጥ ይሄዳል።

ስለ ጓደኛህ። ዋና የማይችለውን ሐረማያ ላይ ጠዋት፣ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት አድርጎ፣ ከዳር ሳትርቁ ልታስቀምጠው ትችላለህ። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ጃኬቱን ለብሶ ይገልበጥ። ሰው ውሃ ውስጥ ጃኬቱ እንደሚያወጣው በሰውነቱ ካላወቀው ሲወድቅ አንተን ነው የሚይዝህ፣ ሁለታችሁም ትሰምጣላችሁ። ጅቡቲ ላይ ግን አይሆንም። ቅር ይለዋል፣ ይበለው። ዳር ሆኖ ልብስ ይጠብቅ፣ ወይም ከአሁን እስከ ገና ዋና ይማር፣ ጊዜ አለው። ከፊት ይቀመጥ ወይስ ከኋላ ላልከው፣ ከባዱ ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ከፊት ከከበደች አፍንጫዋ ውሃ ትገባለች፣ አትታዘዝም። የሚመራውም ከኋላ ያለው ነው፤ የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፣ የኋለኛው ይከተለዋል። መቅዘፊያችሁ ሲጋጭ ትጣላላችሁ፣ ይህ የማይቀር ነው፣ ባልና ሚስት ለመፋታት ሲደርሱ ያየሁት በባለሁለት ካያክ ላይ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ፓምፑ ላይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አለው ወይስ የለውም? ወለሏ ደግሞ ስትነፋ እንደ ፍራሽ ቱቦ ቱቦ ያለው ነው ወይስ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋና ደረቅ የሚሆን? ሁለተኛው ከሆነ ወለሏ ከጎኖቿ በጣም የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፣ ከላይ የሰጠሁህ ቁጥር ለሱ አይሠራም። ቫልቩ አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።